ከመውደቋ ሦስት ደቂቃ በፊት

አምቡላንሱ የተጠራው ልጅቷ ከመውደቋ በፊት ነው! በፊት! ገባችሁ? ዳርሊ ገና ስኩተሯ ላይ ቆማ፣ እግሯ ደህና፣ ፀጉሯ ደህና፣ ምንም ሳትሆን፣ አንዱ ስልክ አንስቶ «ቶሎ ድረሱ፣ ሰው ወድቋል። ብርድ ልብስ ይዛችሁ ኑ፣ ጠዋቱ ይበርዳል» ብሏል። ብርድ ልብስ እኮ ነው የሚለው! ይሄን ለመጨረሻ ማቆየት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ፣ ግን አፌ ላይ አልቆይ አለ። እሺ፣ በቃ፣ አሁን ከመጀመሪያው።

ቀኑ ሰኞ ነው፣ የበዓል ሰኞ። ቦጎታ ሙሉ ተኝቷል፤ በበዓል ሰኞ ጠዋት ከአልጋ የሚወርደው ፖሊስና ዳቦ ጋጋሪ ብቻ ነው። ኢንስፔክተር ኦዲሊያ ፓቾን የሳን ኢልዴፎንሶ ሠፈር መታጠፊያ ጋ ስትደርስ ልጅቷን ወስደዋታል። የቀረው ለሁለት የተሰበረ የኤሌክትሪክ ስኩተር፣ የዳቦ ቤት ነጭ ኮፍያ፣ ደግሞ አንድ ጫማ ነው። ጫማው ባዶ አልነበረም። ማለቴ እግር የለበትም፣ ግን... ኡፍ፣ ተዉት። ደም ብቻ ነው በሉ።

ኦዲሊያ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ ያማታል፣ ስትንበረከክ እንደ አሮጌ በር ትንቋቋለች። ተንበረከከች። የብስክሌት መንገዱ ኩርባው ላይ ያብለጨልጫል፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚያዳልጥ ነገር። በጣቷ ነካችው። አሸተተችው። ከዚያ፣ በማርያም፣ ቀመሰችው!

«ኢንስፔክተር!» ሳጅን ዊልማር ፊቱን አዞረ። «ያ እኮ መንገድ ነው! ውሻ የሚሸናበት!»

«ጨው አለው። ከሙንም አለው» አለች ኦዲሊያ፣ ምላሷን እያጣጣመች። «የመኪና ዘይት አይደለም ዊልማር። ኤምፓናዳ የተጠበሰበት ነው።» ኤምፓናዳ የነሱ ሳምቡሳ ነው በሉት።

«ቁርሴን አልበላሁም ነበር። አሁን ደግሞ አልበላም።»

«ደግሞ እየው። ከመኪና የፈሰሰ ቢሆን ጠብ ጠብ እያለ ይሄዳል። ይሄ በብሩሽ የተቀባ ነው። ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ቤት ግድግዳ። የብሩሹ መስመር ራሱ ይታያል።»

ዊልማር ጎንበስ ብሎ አየ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ።

ዳርሊ አሥራ ሁለተኛዋ ናት። በሁለት ወር ውስጥ በዚህ ሠፈር አሥራ ሁለት ስኩተርና የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነጂ ወድቋል፤ አንዱ መንጋጋው፣ አንዷ ክርኗ፣ አንዱ ሦስት የጎድን አጥንቱ። ሠፈርተኛው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? «እነዚህ ልጆች ያብዳሉ፣ ማን ሩጡ አላቸው!» ፖሊስም እንደዚያው። ኦዲሊያም ራሷ እስከዚያ ጠዋት እንደዚያው ነበር የምትለው። ምላሷ ላይ ያለው ዘይት አልዋጥ ያላት ለዚህም ይሆናል።

ከኩርባው ሠላሳ እርምጃ ራቅ ብሎ የዶኛ ኤዲልማ ጋሪ አለ፤ ዶኛ እንደኛ «እትዬ» ነው። ዶኛ ኤዲልማ ኤምፓናዳ ትጠብሳለች። እየጠበሰች ደግሞ ስልክ ታስደውላለች፤ አምስት አሮጌ ስልኮች በሰንሰለት ጋሪዋ ላይ ታስረዋል፣ ካርድ ያለቀበት ሁሉ በደቂቃ ይከፍልና ይደውላል። ሊያይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ዘይት ሲባል ሰምቶ ወደ ድስቷ ዞሮ ያይ ነበር።

«ዶኛ ኤዲልማ፣ ያገለገለ ዘይትዎን የት ነው የሚደፉት?»

«በጠርሙስ አደርገዋለሁ ንግስቴ። ቧንቧ ውስጥ ብደፋው አይጥ ይወልዳል። ከጋሪዬ ሥር አስቀምጠዋለሁ፣ የፈለገ ይወስደዋል። ሳሙና የሚሠሩበት አሉ።»

«ማን ነው የሚወስደው?»

«የፈለገ አልኩሽ እኮ! ሽቶ መሰለሽ ቁጭ ብዬ የምጠብቀው?»

ከሰዉ መሃል አንዷ ጮኸች፤ «እሷ ናት! ስኩተሮቹ ጋሪዋን እየታከኩ ስለሚያልፉ ነው! ‹አንድ ቀን ትሰበራላችሁ› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ብያለሁ!» አለች ዶኛ ኤዲልማ ጭልፋዋን አንስታ። «ለሁሉም ብያለሁ! ለባሌም አርባ ዓመት ሙሉ ስለው ኖሬያለሁ፣ እሱ ግን እስከ ዛሬ አልተሰበረም!»

ዊልማር ሳቁ አመለጠው። ኦዲሊያ ግን የጠርሙሶቹን ቦታ እያየች ነበር። አራት ጠርሙስ የተቀመጠበት ክብ ክብ የዘይት ምልክት አለ። ጠርሙሱ ሦስት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ኦዲሊያ ከዊልማር ጋር ክሊኒክ ሄደች። ዳርሊ ኪንቴሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ቅልጥሟ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ከጀሶው ውስጥ ብረት ወጥቶ ይታያል፣ ዙሪያውን ቢጫ ነገር እየመጣ ነው። ሽታውን አልነግራችሁም።

አልጋዋ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ የድንች ሾርባ በማንኪያ እያጎረሳት ነበር። በየማንኪያው እፍ ይላል፣ እንዳያቃጥላት። ዶን ሊሳንድሮ ነው። የስኩተርና የብስክሌት መጠገኛ ሱቅ አለው፤ አንድ እግሩን ያነክሳል፤ የወደቁ ነጂዎች ማኅበርን ያቋቋመው እሱ ነው። ሠፈሩ ውስጥ የሱን ስም ክፉ የሚያነሳ ሰው አታገኙም። እንባው ቅርብ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው ይሉኛል» አለች ዳርሊ ለኦዲሊያ። «ዳቦ ቤቱም ሥራ ሳትገቢ ነው የወደቅሽው፣ አያገባንም አለኝ። ሐኪሙ ደግሞ በዚህ ሳምንት ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ካልተሠራ እግሬ...» አልጨረሰችውም።

«አታልቅሺ ልጄ» አለ ዶን ሊሳንድሮ። ወደ ኦዲሊያ ዞረ። «እንደሚያውቁት ነው ኢንስፔክተር። ስኩተሯ ታርጋ የለውም፤ ታርጋ ከሌለ ኢንሹራንስ የለም። የገጫት መኪና የለም፣ ስለዚህ የምትከሰው ባለ መኪና የለም። አሠሪዋ እጁን ታጠበ። የቀረቻት በር አንዲት ናት፤ የመንገዱ ባለቤት፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት። ብቻዋን ብታንኳኳ ማን ይከፍትላታል? አሥራ ሁለት ሆነን ስናንኳኳ ግን ከፈቱልን! ነገ ረቡዕ በአሥር ሰዓት የሁሉንም ሕክምና ሊከፍሉ ይፈርማሉ።»

«ነገ ነው እግሬ የሚፈረምልኝ» አለች ዳርሊ፣ ለመሳቅ እየሞከረች። «እግር ሲፈረም ሰምተው ያውቃሉ?»

ኦዲሊያ ሁሉንም ሰው ነው የምትጠይቀው፣ እሱንም ጠየቀችው። «ለመዝገቡ ያህል ነው ዶን ሊሳንድሮ። ሰኞ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ኡስሜ፣ እህቴ ጋ። እሁድ ሄጄ አደርኩ። ሰኞ ደግሞ የመኪናዬ ታርጋ መንዳት የተከለከለበት ቀን ሆነብኝ፤ ማታ ሦስት ሰዓት እስኪሞላ እዚያው ታስሬ ዋልኩ። የዳርሊን ነገር በስልክ ስሰማ እህቴ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

ኦዲሊያ ጻፈችው። ቦጎታ ውስጥ ይቺን ምክንያት ያልተናገረ ሰው የለም። ታርጋ የሚነዳው በቁጥሩ ተራ ነው፤ ታርጋህ ቀኑ ካልሆነ መኪናህ ከቤት አትወጣም፣ አንተም ከሰው ቤት አትወጣም። ኦዲሊያ ራሷ አማቷ ቤት ላለመሄድ ስንት ጊዜ ተጠቅማባታለች። ስለዚህ ጽፋ አለፈች።

ከዚያ የዳርሊን ስልክ አየች። ስኩተሩ ፍጥነቱን ስልኳ ላይ ይመዘግባል። ሰኞ ጠዋት መስመሩ ደህና ሲሄድ ሲሄድ ቆይቶ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ ገደል እንደገባ ወደ ዜሮ ወረደ። እዚያ ላይ ነው እግሯ የተሰበረው። ኦዲሊያ ሰዓቱን መዳፏ ላይ ጻፈችው።

ክሊኒኩ በር ላይ ሁለት አምቡላንሶች አፍንጫ ለአፍንጫ ቆመው ሾፌሮቹ ይሰዳደባሉ። አንድ እግሩ የተጋጋጠ ሰውዬ መሃላቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያሸንፈውን ይጠብቃል። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ያመጣ ይከፈለዋል፤ ስለዚህ የወደቀ ሰው ላይ እንደ ጥንብ አንሳ ነው የሚወርዱት።

ዳርሊን ያመጣት ኤርሜስ የሚባለው ነው፣ ማስቲካ የሚያኝከው። ኦዲሊያ ክንዱን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችው።

«በሁለት ወር ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱን ያነሳህ አንተ ነህ። ሁልጊዜ አንደኛ። እንዴት ነው ነገሩ፣ ትንቢት ተሰጥቶሃል?»

«ኢንስፔክተር፣ እኛ የወደቀ እናነሳለን እንጂ አንጥልም!»

«አንድ ሰው ዘይት ቀብቶ ነው የሚጥላቸው። ከውድቀቱ እንጀራ የሚበላ ማን እንደሆነ ሳስብ ያንተ ፊት ነው የመጣልኝ።»

ማስቲካው ቆመ። «ስልክ ይደወልልኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ወንድ ነው። ጨዋ ሰው። ‹ብርድ ልብስ ይዘህ ና› ይለኛል። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ሥራ የሚሰጥ ሰው ስሙን ይጠየቃል እንዴ?»

«ስልክህን አሳየኝ።»

አሳያት። ሰኞ፣ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ።

ኦዲሊያ መዳፏን አየች። አሥራ ሁለት ከአራት። ስልኩን አየች። አሥራ ሁለት ከአንድ። ስልኩን ለዊልማር አቀበለችው።

«ሰዓቱ ተሳስቶ ይሆናል» አለ ዊልማር።

«ሁለቱም ስልክ ሰዓቱን ከአንድ ቦታ ነው የሚወስደው። አልተሳሳተም። መጀመሪያ ተደወለ፣ ከዚያ ወደቀች።» ኤርሜስን አፈጠጠችበት። «አንተም ስትደርስ ልጅቷ ገና እየወደቀች ነበር አይደል? አይተሃል። ዝም ብለሃል።»

ኤርሜስ መሬት መሬት ያያል። «ዝም አልኩ» አለ። «ብናገር ሌላ ሰው ይደወልለት ነበር።»

ልትተፋበት ሳይሆን በጥፊ ልትለው ነበር ያሰኛት። የተደወለበትን ቁጥር ጻፈችና ሄደች።

ቁጥሩ የዶኛ ኤዲልማ ነው። በሰንሰለት ከታሰሩት ስልኮች አንዱ።

እንግዲህ ዘይቱ የሷ፣ ስልኩ የሷ፣ ዛቻው የሷ! ማክሰኞ ከሰዓት ዶኛ ኤዲልማን ከነድስቷ ጣቢያ አስገቧት፤ ሠፈሩ ከኋላዋ አጨበጨበ። ባለፈው ሳምንት ኤምፓናዳዋን በዱቤ ሲበላ የነበረው ሁሉ ነው እኮ ያጨበጨበው።

«ወንድ ነው የደወለው፣ ስለዚህ እርስዎ አይደሉም» አለቻት ኦዲሊያ። «ግን የሚያውቁት ሰው ነው። ሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት ማን ደወለ?»

«ንግስቴ፣ ሲነጋ አራት አምስት ሰው ይደውላል። እኔ ሊጥ እያጠፍኩ ነው።»

«ያስቡ።»

ዶኛ ኤዲልማ ዓይኗን ጨፈነች። «እንግዳ ሰው ቢሆን ቀና ብዬ አየው ነበር። ሌባ እንዳይሆን። ቀና አላልኩም። ስለዚህ ጎረቤት ነው። ሁልጊዜ የማየውን ሰው ለምን ብዬ አያለሁ?»

ኦዲሊያ ይሄንንም ጻፈችው። ከማኅተምም ከአሻራም የበለጠ ነገር ነው የተነገራት፣ ግን ማን ላይ እንደሚለጠፍ አላወቀችም። ዶኛ ኤዲልማም ተባባሪ ትሆናለች ተብሎ እዚያው አደረች።

ረቡዕ ጠዋት ዊልማር አንድ ሰዓት አርፍዶ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተጨፍልቆ፣ ሸሚዙ ላይ የሰው ቡና ፈሶበት መጣ።

«መኪናህስ?»

«ታርጋዬ ዛሬ አይነዳም ኢንስፔክተር። አንድ ቀን ጎዶሎ ቁጥር፣ አንድ ቀን ሙሉ ቁጥር፣ ይሄ ነው የኛ ኑሮ። ዛሬም አይነዳም፣ ከትናንት ወዲያም አይነዳም...»

«ከትናንት ወዲያ ሰኞ ነው። ሰኞ በመኪናህ ነው የመጣኸው። ከኋላህ ነበርኩ።»

«ሰኞማ በዓል ነዋ! በበዓል ታርጋ ማን ይጠይቃል! ከተማው ሁሉ እኮ ነው የሚነዳው።»

ኦዲሊያ የያዘችውን እስክሪብቶ አስቀመጠች። በዝግታ ነው ያስቀመጠችው፣ የሚሰበር ይመስል።

«ዊልማር» አለች። «በበዓል ሰኞ ታርጋው ተከልክሎበት ማታ ድረስ ታስሮ የዋለ ሰው አውቃለሁ።»

«እሱማ ዋሽቷል። ወይ ቀን ቆጥሮ በዓሉን ረስቷል። ሰኔ ላይ በዓሉ ብዙ ነው፣ ማንም ይምታታበታል። ማን ነው?»

ስልኳን አነሳች። ወደ ኡስሜ፣ የዶን ሊሳንድሮ እህት ጋ ደወለች።

«ሊሳንድሮ?» አለች እህትየዋ። «ከፋሲካ ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም። ደህና ነው? እዚያ የወደቁ ልጆቹን እያስታመመ ጊዜ የለውም፣ ምስኪን።»

ምስኪን! ኦዲሊያ ስልኩን ዘግታ መጸዳጃ ቤት ገባች፣ አፏን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠች። የሰኞው ዘይት አሁን ነው የመጣባት።

የዶን ሊሳንድሮ ሱቅ ጠዋት ተዘግቶ ነበር፤ ተከፍቶ ስታገኘው ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ዶን ሊሳንድሮ ሙሉ ልብስ ለብሶ መስታወት ፊት ከረባት እያሰረ ነበር፣ ለፊርማው። ግድግዳው ላይ የሠፈሩ ካርታ ተሰቅሏል፤ ሰው በወደቀበት ቦታ ሁሉ ቀይ ነጥብ አለ። ጋዜጠኛ ሲመጣ የሚያሳየው ካርታ ነው።

«ኢንስፔክተር! በደህና ነው? የዶኛ ኤዲልማን ነገር ሰማሁ፤ ማን ይገምታል!»

ኦዲሊያ ካርታውን ነበር የምታየው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች።

«የወደቁት አሥራ ሁለት ናቸው። ነጥቡ አሥራ ሦስት ነው። ይቺ ገበያው ድልድይ ሥር ያለችው ማን ናት?»

«እ? እሷ... ቀለም ጠብ ብሎ ነው።»

«በጣም ክብ ጠብታ ነው።»

ስልኳን አውጥታ ለዊልማር ደወለች፤ ድልድዩ ሥር ያለውን መንገድ ሂድና እይ አለችው። ገበያው ቅርብ ነው፤ ዊልማር የፖሊስ ሞተር ተውሶ ነበር። አምስት ደቂቃ። ዶን ሊሳንድሮ ከረባቱን ፈታው፣ አሰረው፣ ፈታው። ስልኩ ጮኸ።

«ኢንስፔክተር፣ አገኘሁት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በቂጤ ነው ያገኘሁት! ሱሪዬ አለቀ!»

«ቅመሰውና ንገረኝ።»

«አልቀምስም! ሥራ ስቀጠር አልተነገረኝም! ግን ኤምፓናዳ ኤምፓናዳ ይሸታል። አንዲት ልጅ ብስክሌት እየነዳች ልትገባበት ነበር፣ እጄን ዘርግቼ አስቆምኳት።»

ኦዲሊያ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ በኋላ «እርስዎ» ማለት ከአፏ ጠፋ።

«ብሩሹ የት አለ?»

ሰውዬው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ያለቅሳል ብላ ጠብቃ ነበር። አላለቀሰም። እንባው ለሌላ ሰው ብቻ ነው ለካ የሚመጣው።

«ይሄን እግር አይተሽዋል?» አለ። «አራት ዓመቱ ነው። እዚያው ኩርባ ላይ ነው የወደቅኩት። ዘይት የለ ምን የለ፣ መንገዱ ነው። ደብዳቤ ይዤ ሦስት ዓመት ተመላለስኩ። አንድ ሰው ሲወድቅ ጥፋቱ የሱ ነው ይሉሻል። አሥራ ሁለት ሲወድቅ መንገዱ ነው ይላሉ።»

«እና አሥራ ሁለት አደረግካቸው።»

«አምስቱ ራሳቸው ናቸው የወደቁት! እኔ የጨመርኩት ሰባት ብቻ ነው።»

ብቻ። ሰባት ብቻ። ሻይ ላይ እንደሚጨመር ስኳር።

«ማን በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ አውቃለሁ፤ አምቡላንስ ቀድሜ እጠራላቸው ነበር» አለ፣ ድምፁ ውስጥ ኩራት አለ እኮ! «አንዳቸውም መሬት ላይ ብዙ እንዲሰቃዩ አልፈለግኩም። ሰው ነኝ። ሾርባቸውን ራሴ ነው የማበስለው።»

«ድልድዩስ? ዛሬ ይፈርማሉ አይደል? ዛሬ ለምን ቀባህ?»

«ቢያፈገፍጉስ? አንድ ትኩስ ቢጨመር...»

ኦዲሊያ ካቴናውን አወጣች። እሱ እጁን ሰጣት፣ በፈቃዱ። ከዚያ ያንን ነገር አለ።

«አንድ ሰዓት ብቻ ጠብቂኝ ኢንስፔክተር። ይፈርሙ። ከዚያ አደባባይ ላይ ጎትቺኝ። አሁን ከተናገርሽ ማንም አይፈርምም፤ ‹ሰው ነው የጣላቸው፣ መንገዱ አይደለም› ይላሉ፣ መንገዱ የጣላቸው አምስቱም አብረው ይቀራሉ። ካሳውን ከኔ ትወስዱ ይሆን? ይሄ ሱቅ የኪራይ ነው። የዳርሊን እግር የሚያድነው አንቺ ዝም ያልሽበት አንድ ሰዓት ነው።»

እና የሚያስጠላው ነገር ምን መሰላችሁ? እውነቱን ነው! ውሸታም ሰው እውነት ሲናገር እንዴት እንደሚያንገሸግሽ!

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የወረዳው ግቢ በሰው ተሞልቷል። ክራንች፣ ጀሶ፣ የታሰረ ክንድ፣ የታጠበ ሸሚዝ። ዳርሊን ክሊኒኩ አልጋው ይፈለጋል ብሎ አስወጥቷት በተሽከርካሪ ወንበር መጥታለች፤ ብረት የገባበት እግሯ ወደ ፊት ተዘርግቷል። ወንበሩን እናቷ ነበረች የያዘችው። ዶን ሊሳንድሮ ፖሊስ መኪና ውስጥ ነው፣ አጠገቡ ዊልማር በዘይት ሱሪው ተቀምጧል። ሰዉ «የት ቀረ ዶን ሊሳንድሮ?» እያለ ይጠይቃል።

ኦዲሊያ የዳርሊን ወንበር ከእናቷ ተቀብላ ወደ ግድግዳው ጥግ ገፋችው። ጉልበቷ እየተንቋቋ ቁጢጥ አለች። ሁሉንም ነገረቻት። ዘይቱን፣ ብሩሹን፣ ስልኩን። ሦስት ደቂቃውን። ፊርማው እንደሚቀርም ነገረቻት።

ዳርሊ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አፏን ያዘች፣ ግን አልደረሰችም፤ ጭኗ ላይ፣ ለፊርማው ብላ የተበደረችው ቀሚስ ላይ አስመለሳት። ኦዲሊያ በመሐረቧ ጠረገችላት።

«ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ለምን ለኔ ይነግሩኛል?» አለች ሲሻላት።

«እግሩ ያንቺ ስለሆነ።»

ዳርሊ እግሯን አየችው፣ ብረቱን፣ ቢጫውን። ግቢው ውስጥ ያሉትን ሰዎች አየቻቸው። በመጨረሻ እጇን አወናጨፈች።

«ይግቡ። ይንገሯቸው። ቶሎ ይበሉ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ኦዲሊያ ገባች። የወረዳው ኃላፊ እስክሪብቶውን ከፍቶ ወረቀቱ ላይ ሊያወርድ ነበር። ተናገረች። አራት ዓረፍተ ነገር ነው የፈጀባት። ኃላፊው የእስክሪብቶውን ክዳን መልሶ ገጠመው፣ ቀጭ! ፊቱ ላይ ደግሞ፣ ኦዲሊያ አይታዋለች፣ አንዲት ትንሽ እፎይታ ነበረች። «እስኪጣራ ድረስ» አለ። ወረቀቱን አጠፈው።

ዶኛ ኤዲልማን እንዲፈቷት ለጣቢያው ደውላ ስትወጣ ወሬው ቀድሟት ግቢ ደርሷል። መኪናውን ከበው ዶን ሊሳንድሮን ይሰድቡታል ብላ ነበር። ጥቂቶቹ ሰደቡት። ሌሎቹ ግን ወደሷ ነው የመጡት።

ዶኛ ቤኒልዳ ፊት ቀደመች፣ የፌርኔይ እናት። ፌርኔይ መንጋጋው በሽቦ የታሰረው ልጅ ነው፤ ከእናቱ ኋላ ቆሞ ክዳኑ ከተበሳ ጠርሙስ ወተት ይመጥጣል።

«ልጄ ከአምስቱ ነው» አለች። አትጮህም፤ ለኦዲሊያ ብትጮህባት ይሻላት ነበር። «ዘይት አልነካውም። መንገዱ ነው የጣለው። አሁን ማን ያምነዋል?»

«ዶኛ ቤኒልዳ፣ ሰውዬው ዛሬም ሌላ ቦታ ቀብቶ...»

«ተይዟል አይደል? እጅሽ ላይ ነበር አይደል? የት ይሄድብሽ ነበር? አንድ ሰዓት ብትቆዪ ምን ነበረበት?»

ኦዲሊያ አፏን ከፈተች። «ዳርሊን ጠይቄያት...»

«ዳርሊን ጠየቅሽ» አለች ዶኛ ቤኒልዳ። ልጇን በክንዱ ይዛ ወደ ፊት አቀረበችው። «የጠየቅሽው አንዷን ነው። የኔን ማን ጠየቀው?»

ፌርኔይ ኦዲሊያን ያያታል። አይናገርም፣ አይችልም።

ኦዲሊያ ጥያቄውን ይዛ ወደ መኪናው ሄደች። እስካሁንም ይዛው ትዞራለች። እናንተስ? በእውነት፣ ጥሩ ሰው ለመባል ሳይሆን፣ እዚያ በር ላይ ሆናችሁ፣ ከውስጥ እስክሪብቶ ተከፍቶ፣ ከውጭ ያ አስቀያሚ ሽማግሌ መኪና ውስጥ ታስሮ፣ ዳርሊ በትውከት ቀሚሷ «ቶሎ» እያለቻችሁ፣ ትገቡ ነበር? ወይስ ሰዓታችሁን አይታችሁ አንድ ሰዓት ትጠብቁ ነበር?